ነፋስ ሲያልፍ ስም አይጠራም

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካርታ ስሰቅልና ሳወርድ ፀጉሬ ሸበተ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ወይ የሆነ አገር ዋና ከተማ ይጠይቀኛል፣ ወይ «ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ደመናውን እኔ የማዝዘው ይመስል። የእናቴ ጥያቄ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጫማዋን እያወለቀች፣ «አሜሪካ ውስጥ የነፋሱ መንገድ በየት በየት ነው?» አለችኝ። የሚኒባስ መስመር የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ብትጠይቀኝ አልስቅም።

እናቴ የምትኖረው ሁምቦ ነው። ከሶዶ በሚኒባስ ተበላ ከተማ ድረስ ይወረዳል፤ ከዚያ በጋሪ፣ ጋሪ ከጠፋ በእግር። እኔና ታናሽ እህቴ ያደግነው እዚያ ነው። ያኔ ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ራቁቱን ነበር። ከብት ግጦት፣ ሰው ለማገዶ ቆርጦት፣ ድንጋይና ቀይ አፈር ብቻ ቀርቶ ነበር። በጋ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ከዚያ ኮረብታ አውሎ ይወርዳል። አቧራውን እያሾረ፣ ቀይ ሆኖ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይመጣል። የሚገርመው በመጣ ቁጥር በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። ከኮረብታው እግር ይነሳና በእኛ ግቢ ጠርዝ አድርጎ በቆሎ ማሳው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሰው ሁሉ «መንገዱ» ይለዋል። በመንገዱ ላይ ቤት አይሠራም፣ ከብት አይታሰርም፣ እህል አይሰጣም።

ሲመጣ ደግሞ ሥርዓት አለው። ባለህበት ቁጭ ትላለህ፣ አፍህን በእጅህ ትይዛለህ። ከሁሉም በላይ፣ እስኪያልፍ ድረስ የማንንም ስም አትጠራም። ነፋሱ ሲያልፍ የተጠራ ስም ካለ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ስሙን ይዞ ባለቤቱን ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ያገኘዋል ይባላል። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን ፍየሎቹ እንዳይበተኑባት ፈርታ፣ አውሎው መሀል ባሏን በስሙ ተጣራች። የዚያን ቀን ምንም አልሆነም። ከወራት በኋላ ሰውየው ወደ አንድ እርሻ ለሥራ እንደሄደ ቀረ፤ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። አሁን አሁን ሳስበው፣ ሰው ለሥራ ሄዶ የሚቀርበት ምክንያት ሞልቷል። ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ ማንንም ጮክ ብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ አማኝ ናት። ከዝማሬውም ከጸሎቱም ቀርታ አታውቅም። ስለዚህ ነገር ሲነሳ «የድሮ ነው፣ ትተነዋል» ትላለች። አውሎው ሲመጣ ግን ቁጭ ትላለች፤ አፏንም ትይዛለች። እንዲያ ሳያት፣ «ትተነዋል አላልሽም እንዴ?» እያልኩ እተርባታለሁ። «አቧራው እንዳይገባብኝ ነው» ትለኛለች።

በኋላ ኮረብታው ተከለለ። ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከጉቶው ሥር ቡቃያው አቆጠቆጠ፣ ሰውም ተከለ። ዓመት በዓመት እየለበሰ መጥቶ ጫካ ሆነ። አውሎውም እየሳሳ፣ እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ ጭራሹን ቀረ። ሰው ሁሉ «ዛፉ መንገዱን ዘጋው» አለ። በዚህ ላይ እኔም ክርክር የለኝም። ራቁት መሬት ሲግል አቧራ ይሾራል፤ ጥላ ሲኖር መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው የማስተምረው። እናቴ እንዲያውም ልቧ ሞልቶ፣ ነፋሱ ያልፍበት የነበረው ጠርዝ ላይ ማድ ቤት ሠራች። ጣጣው የመጣው ይህን የሁምቦ እውቀት ጠቅልላ አሜሪካ ድረስ ስትልከው ነው።

እህቴ ዲቪ ደርሷት ከባሏ ጋር ኦክላሆማ ገባች። የመጀመሪያው የጸደይ ወራት ላይ በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ዙሪያውን አዞረችልን። ሰማይና ሣር፣ ሣርና ሰማይ። «እማ፣ አንድ ዛፍ እንኳ የለም እኮ!» አለች። በሳምንቱ የአውሎ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኾ ጎረቤቱ ሁሉ ከነውሻው መሬት ውስጥ በተሠራ ጉድጓድ ቤት ገብቶ እንደተቀመጠ ነገረችን። ሰዎቹ ድንች ጥብስ እየበሉ ሲሳሳቁ፣ እሷ ግን ልጇን አቅፋ ስትንቀጠቀጥ ነበር። «በቁሜ ተቀበርኩ» ነው ያለችው። በላያቸው ያለፈው ነገር ብዙም ጉዳት አላደረሰም። እሷ ግን የጉድጓዱ ክዳን ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ከጆሮዋ አልጠፋ አለ።

«ይሄማ መንገዱ ላይ ነው የተቀመጥሽው» አለቻት እናቴ።

መቼም እናቴ የነፋሱን መንገድ ስትጠይቀኝ አትላሱን፣ የካርታ መጽሐፉን፣ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ይዤላት ወርጄ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁት። ከደቡብ ካለው ሞቃት ባሕር እርጥብ አየር ይወጣል፣ ከምዕራብ ደረቅ አየር፣ ከሰሜን ቅዝቃዜ ይመጣል፤ መሀል ላይ የሚያግዳቸው ተራራ የለም፣ ሲገናኙ ይጠማዘዛሉ አልኳት። ጣቴን ከሰሜን ቴክሳስ አንስቼ በኦክላሆማ፣ በካንሳስ አድርጌ እስከ ነብራስካ ወሰድኩት። «ብዙ ጊዜ የሚመላለስበት ይህ ነው» አልኩ። እሷም ጣቷን ከእኔ ጣት ኋላ ኋላ አስከተለች። ቀጠልኩና ወደ ምሥራቅ ሄጄ ሚሲሲፒን፣ አላባማን፣ ቴነሲን ነካሁ። «ሌላው ደግሞ ይሄ ነው፤ እዚህ ሰው ይበዛበታል። በሌሊት ይመጣል፣ በዝናብ ተሸፍኖ ይመጣል። ኮረብታውና ዛፉ ስለሚከልለው ከሩቅ አይታይም። ቤቱም ብዙው ከእንጨት ነው፣ ጎማ ላይ የተቀመጠም አለ።»

እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ከነገርኳት ሁሉ አንዲቷን ቃል መርጣ አነሳች። «ዛፍ አለ አልሽ?»

«አለ፤ ግን እማ…»

«ዛፍ ካለ ነፋስ የለም።»

ደሜ ፈላ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። የእኛ አውሎ ከመሬት ነው የሚነሳው፣ ያኛው ከደመና ነው የሚወርደው፤ ዛፍ ለእሱ ገለባ ነው አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ! እህቴም ባሰች። ባሏ አላባማ ውስጥ የዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ነበርና የቦታውን ፎቶ ላከችልን። ቀይ አፈር፣ ኮረብታ፣ ጥድ። አፈሩ ቁርጥ የሶዶን አፈር ነው። «አየሽ፣ አገራችንን አገኘሁት» አለችኝ። ስቆጣት «አንቺ ደግሞ ቤት ውስጥም መምህር ነሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ሄዱ።

የተከራዩት ቤት ያ ያልኩት ጎማ ላይ የተቀመጠው ዓይነት ነበር። በራፉ ላይ ትንሽ የሲሚንቶ ደረጃ አለው። ከፊት ለፊቱ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ጫካ ነው። ከኋላው ደግሞ ተከራዮቹ ሁሉ የሚጋሩት፣ በብሎኬት የተሠራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። በቪዲዮ ስታሳየን እናቴ ጥዶቹን እያየች እልል ማለት ብቻ ቀራት። እኔ የጠየቅኋት ስለ ብሎኬቱ ክፍል ነበር። «ምን ያደርግልሻል? ልብስ ልታጥቢ ነው?» አለችኝ።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። በልጉ ዘግይቶ፣ ሁምቦ ገና በአቧራ ነበር። እኔ ከሶዶ ወርጄ ከእናቴ ጋር ደጅ ቁጭ ብለን በቆሎ እንፈለፍላለን። እዚህ ቀን ነው፤ እዚያ ሌሊት። እኛ ፀሐይ ላይ ተቀምጠናል፣ እሷ ጨለማ ውስጥ ናት። ስልኬ ጠራ። ቪዲዮ ነው፤ ምስሉ ግን ጥቁር ነው።

«እማ» አለች። «መብራት ጠፋ። ይሰማችኋል?»

ሳይረኑ ተሰማን። ትንፋሽ ሳይወስድ እንደሚያላዝን ውሻ ነው። ከሥሩ ዝናብ አለ። ከዝናቡም ሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የከባድ መኪና ዓይነት፣ ግን የማያልፍ።

«ባልሽስ?» አልኳት።

«የሌሊት ተረኛ ነው። ልጄ እቅፌ ውስጥ ናት፣ አልነቃችም።»

«ከዚያ ቤት ውጪ!» አልኩ። «አሁኑኑ ውጪ!»

«ወዴት ልሂድ?»

አፌን ከመክፈቴ እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ወደ ዛፎቹ» አለቻት በወላይትኛ፣ ረጋ ብላ፤ ውኃ ቅጂ እንደምትል። «ልጅሽን ያዢና ዛፎቹ መሀል ግቢ። እዚያ አይገባም።»

«እማ ተይ! ልትገድያት ነው?» ብዬ ጮህኩ። ስልኩን ልቀማት ስታገል መሬት ላይ ወደቀ። ተንበርክኬ ወደ ስልኩ ጮህኩ። «የልብስ ማጠቢያው! ብሎኬቱ ክፍል! ዛፍ ውስጥ እንዳትገቢ!» እናቴም ከላይ ሆና «ወደ ዛፎቹ!» ትላለች።

«ማናችሁን ልስማ?» አለች እህቴ።

ይህን በደንብ ሰምቻለሁ። ከዚያ በር ሲከፈት ተሰማ፣ ዝናቡ ገባ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። አይጠራም። የባሏንም ሞከርኩ፣ አይነሳም። እናቴ ቁጭ ብላ የጀመረችውን የበቆሎ ራስ አነሳች፤ መፈልፈሏን ቀጠለች። እንዴት እንደተናደድኩ! «ዛፍ ነፋስ ይከለክላል» አለች ለራሷ ያህል። «የአንቺ ዛፍ የአንቺን አቧራ ነው የሚከለክለው!» አልኳት። እጇ ግን መፈልፈሉን ትቶ የፈለፈለችውን መልሶ ይነካካ ነበር። አስተዋልኩ፤ አሁን እኔን አምናኛለች፤ ግን ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሄዷል፣ መመለሻ የለውም። ያን ጊዜ ንዴቴ ጠፍቶ አሳዘነችኝ። ምን አባቴ ልበላት?

እኔም አብሬያት መፈልፈል ጀመርኩ። ቅርጫቱ ሞልቶ ሌላ ቅርጫት አመጣሁ። ዶሮዎቹ መቼ እንደጠፉ አላየሁም። ግቢው ጸጥ አለ፤ ከጎረቤት የሚሰማው የልጆች ጫጫታም የለም። ቀና ስል ኮረብታው ላይ ከጫካው አንድ ቦታ ቅጠሉ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ዛፍ ፀጥ ብሏል፤ ያ ቦታ ብቻ። ንቅናቄው ወደ ታች ይመጣል፤ ሣር ውስጥ የሚሄድ እባብ እንደሚያስታውቀው። ከጫካው ጫፍ ሲወጣ ቀይ ለበሰ።

ከዛፎቹ መሀል ነው የወጣው። ስንት ዓመት አይተነው የማናውቀው አውሎ፣ መንገዱን ዘጋው ካልነው ጫካ ውስጥ ወጥቶ፣ የድሮ መስመሩን ሳይስት መጣ። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሴትዮ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አፌን ያዝኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ ራሱ ነው የሄደው።

እናቴ ተነሳች።

ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀመጥለት የኖረች ሴት ተነስታ በባዶ እግሯ ወደ ግቢው ጠርዝ፣ ወደ መንገዱ ሄደች። አቧራው ቀሚሷን ያዛት። ያኔ በሙሉ ድምፅዋ የእህቴን ስም ጠራች። ደጋግማ ጠራች። ከብት ስትመልስ እንኳ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ዝም በይ ልላት አፌን ልከፍት አልኩ፤ አልቻልኩም፤ አፌ ተይዟል። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ተንቋቋ፣ ገለባው ተነስቶ ሰማይ ላይ ዞረ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ማሳው ገብቶ ጠፋ።

ተመልሳ መጣች። ፊቷ፣ ቅንድቧ፣ ጥርሷ ሳይቀር ቀይ አቧራ ነው።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ስልኩ እምቢ አለ» አለችኝ። «ወደ እሷ የሚሄድ ሌላ ነገር አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ከባሏ ስልክ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷም ደህና ናት። ጌታ ይመስገን አልኩ፤ አለቀስኩ፤ ተሳደብኩም። ከዚያ «የማንን ሰማሽ?» አልኳት። አይ እኔ! እንዲህም ሆኖ ያን ማወቅ ነው የፈለግሁት።

«የእማን» አለች። «እናቴ አይደለች? ወደ ጥዶቹ ሮጥኩ። ጫፉ ላይ ደርሼ ነበር። አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር። ከኋላዬ ጠራችኝ።»

«ማን?»

«እማ ነቻ! በስሜ ጠራችኝ። ደጋግማ። ከልብስ ማጠቢያው በኩል። ስልኩ በርቶ መስሎኝ ኪሴን ብዳብስ የለም፤ ለካ በራፍ ላይ ጥዬዋለሁ። ብቻ ወደ ድምፁ ዞሬ ሮጥኩ። በሩን ገፍቼ ስገባ ማንም የለም። ባዶ ነው።»

ሲነጋላቸው በባሏ ስልክ አሳየችን። ጥዶቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል፤ ከብት የገባበት በቆሎ ነው የሚመስለው። ቤቱ የለም። የሲሚንቶው ደረጃ ብቻ ቆሟል፤ ወደ ምንም የሚወጣ ደረጃ። ከኋላ የብሎኬቱ ክፍል ጣሪያው ተገንጥሎ ግድግዳው ቀርቷል።

እኔ እንግዲህ ምክንያት ፈላጊ ነኝና ብዙ ሞከርኩ። ከጎረቤቶቿ አንዷ ልጇን ስትጠራ ሰምታ ይሆናል አልኩ። በድንጋጤ ጊዜ ሰው የእናቱን ድምፅ ይሰማል አልኩ። ግን ጎረቤት በእኛ ስም፣ በእኛ አጠራር ማንን ይጠራል? ደግሞ ስልኩ እንደተቋረጠ ነው እሷ የሮጠችው። እናቴ የጮኸችው ያ ሁሉ በቆሎ ከተፈለፈለ በኋላ ነው። ሰዓቱን በየትኛውም በኩል ባዞረው አይገጥምልኝም።

እናቴ ደስ ይላታል፣ እልል ትላለች ብዬ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀቻት። «ድምፁ ከሩቅ ነበር ወይስ ከቅርብ?»

«ጆሮዬ ሥር ነበር፣ እማ።»

እናቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወደ ቤት ገባች። ስከተላት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ድምፅሽ ደረሰላት እኮ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ደረሰ» አለች። «ነፋሱ ቤቷን አወቀ፣ ስሟንም ይዟል። ካሁን በኋላ ሰው ስሟን ሲጠራ ከሰማ፣ የስሙ ባለቤት የት እንዳለች ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ የእህቴን ስም ጠርታ አታውቅም። «ልጄ» ትላታለች፣ «ያቺ ልጅ» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይላት እንኳ «አንተ የምታውቃት» ብላ ነው። በዘመድ ሠርግ ላይ አንድ ሰው የእህቴን ስም ጠርቶ ደህንነቷን ቢጠይቃት፣ ሳህኗን አስቀምጣ ተነስታ ሄደች። እኔም እዚህ የማንንም ስም ሳልጽፍ መቅረቴ ከዚያ የተነሳ መሆኑን አልክድም።

እህቴ አሁንም አላባማ ናት። ሌላ ቤት ተከራይተዋል፤ ከሥሩ የኮንክሪት ምድር ቤት አለው። ያን የምትጠላውን ክዳን አሁን ራሷ ናት የምትዘጋው። በቅርቡ እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ደወለችልኝ። ስለ ልጇ አወራን፣ ስለ ቦሎቄ ዋጋ አወራን። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ።

«እማ ተቀይማኛለች እንዴ?» አለችኝ።

«ለምን ትቀየምሻለች?»

«በስሜ ጠርታኝ አታውቅም እኮ ከዚያ ወዲህ። አንቺም እንደዚያው። ልጄ እንኳ ከእናንተ ጋር ሳወራ ሰምታ፣ ‹እነሱ ስምሽን አያውቁም?› አለችኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ስሜን እያጣመመ ነው የሚጠራኝ። በደንብ የሚጠራኝ ናፈቀኝ። በናትሽ፣ አንድ ጊዜ ጥሪኝ።»

አቤት፣ ምን ቀላል ነገር ጠየቀችኝ! የነፋስን አመጣጥ ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምር ሴት ነኝ፤ የታናሽ እህቴን ስም ያወጣሁላትም እኔ ነኝ። ልጠራት ተነፈስኩ። በመስኮቱ ግቢውን አየሁ። የትምህርት ቤቱ ባህር ዛፎች ፀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ፣ ጫፉ ላይ፣ ይነቃነቃል።

«እህቴ» አልኳት።